ቀድሞ የሚጮኸው ቤት

ከእኛ ድራፍት ቤት ግድግዳ ማዶ ያለው ግሮሰሪ ጨዋታው ከእኛ አምስት ሰከንድ ቀድሞ ይደርሰዋል። ዲሹ ምን እንደሆነ እንጃ። ጎል ሲገባ መጀመሪያ የእነሱን ጩኸት እንሰማለን፤ እኛ ከዚያ በኋላ ነው የምናየው። ታናሽ ወንድሜ ሽብሩ ቀድሞ ማወቅ ስለሚወድ ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚያየው።

የዚያን ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ከባድ ነበር፣ መብራትም የለም። ሁለቱም ቤት በጄኔሬተር ነው የሚያሳየው። እነሱ በራችን አጠገብ የሚያስነሱት ጄኔሬተር ግን ያን ዕለት በቦታው አልነበረም። ከጭሱ ተገላገልን ብዬ ደስ አለኝ።

ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ሪጎሬ አገኘን። መቺው ከሳተ ዋንጫው ሄደ። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ሁላችንም ጆሯችንን ወደ ግድግዳው ሰጠን።

ምንም አይሰማም።

"በቃ ስቶታል" አለ ከጎኔ ያለው ሰውዬ፣ ብርጭቆውን እያስቀመጠ። ማየት ፈርቼ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ወዲያው ቤታችን በጩኸት ተናጋ። ገብቷል። ሰው በሰው ላይ ተንጠላጠለ፣ ድራፍት ፈሰሰብኝ። አስተናጋጇ ወይንሸት ብቻ ትሪዋን እንደያዘች ግድግዳውን ታያለች።

"እነሱስ ለምን አልጮኹም?" አለች።

በዝናቡ ሮጬ የተዘጋውን በራቸውን በትከሻዬ ገፋሁት። የቤንዚን ጭስ ፊቴን መታኝ። ጄኔሬተሩ ባንኮኒው አጠገብ ያጓራል። ስክሪኑ ላይ ጎሉ ይደገማል። ሽብሩ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እንደ ሌሎቹ ሁሉ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቋል።