የትርንጎ ነጠላ

መስከረም አሥራ ሁለት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አቶ ደምመላሽ የሟች ሚስታቸውን የትርንጎን ነጠላ ከሣጥን አወጡ።

የሰው አፍንጫ ሽታ መለየት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ደሴ ውስጥ ማሽተት የሚፈልግ ሰው ከጆሮው ሥር ትንሽ ብረት ይለጥፋል፤ መንታዋን በውሻው አንገት ላይ ያስራል፤ ከዚያ ውሻው የሚያሸተውን አብሮ ያሸታል። የአቶ ደምመላሽ ወንድ ውሻ ግን ነጠላውን ትቶ በደጅ ወዳለፈች ውሻ እየጎተተ አስቸገራቸው።

«ከወንድ ምን ይጠበቃል!» አሉ ጎረቤታቸው ወይዘሮ እልፍነሽ ከአጥር ማዶ። «የኔን ዳማን ይውሰዱ። ስትወልድ የአራስ ገንፎ ያበላቻት ትርንጎ አይደለች?»

ብረቷን አንገቷ ላይ አሰሩላት። ዳማ ነጠላውን እንዳሸተተች ጭራዋን እየቆላች ወደ በሩ ሮጠች። የገንፎው ቅቤና የትርንጎ አንገት አንድ ላይ ሸተቷቸው። አቶ ደምመላሽ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

በማግስቱ ደገሙት፤ ከዚያም በየቀኑ። ዳማ በሩ ድረስ ትሮጣለች፤ የሚገባ ሰው ግን የለም። አንድ ቀን ጠዋት ነጠላውን አሸተት አድርጋ ተመልሳ ተኛች። ለእሳቸውም ተራ ጨርቅ ሸተታቸው።

«እልፍነሽ፣ ውሻሽ ምን ነካት?»

«እሷማ ትርንጎ ትመጣለች ብላ ነበር የምታሸተው፣ ጋሼ። እንደማትመጣ እርስዎ አስተማሯት።»

ዳማ በጥር ዳግመኛ ወለደች። ገንፎውን ያገነፉላት አቶ ደምመላሽ ናቸው።