ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ

«የሟቹን አይደለም እማማ፤ የራስዎን ስም ይፈርሙ እንጂ» አላት የቀበሌው ጸሐፊ።

«ፈረምኩልህ እኮ! ዓይንህን ጠረግ አድርገህ እየው» አለችው ባልቴቷ።

ቤቱ ወደ ስሟ የሚዛወርበት ቀን ስለሆነ እንደ ሙሽራ ተሽሞንሙና ነበር የመጣችው። እኩዮቿ አውራ ጣታቸውን ቀለም ሲነክሩ እሷ በእስክሪብቶ እየፈረመች ዕድሜ ልኳን ኮርታባቸዋለች። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ባሏ «ከወንድ ጋር ተጋፍተሽ አትማሪም» ብሎ ከለከላትና፣ ስሟን ግድግዳ ላይ በከሰል እየጻፈ ራሱ አስተማራት። ሌላ ፊደል አታውቅም።

ጸሐፊው ወረቀቱን አዞረላት።

«ይሄ እኮ ‹መንበሩ› ነው የሚለው፤ የባለቤትዎ ስም።»

ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ዳሰሰቻቸው። እሱም የአሻራ ቀለሙን አስጠጋላት።

አውራ ጣቷን እየሰጠችው፣ «ጽሑፍሽ ሲያምር ይለኝ ነበር» አለች።