ዐሥራ አንድ ገጽ ለእማማ የሺመቤት

«ይህን መልእክት በጥሞና እንድትከታተሉ በአክብሮት እንጠይቃለን። ክንድ ማሳረፊያ ያላቸው ሦስቱ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበሮች ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ ለክብር እንግዶች ብቻ እንዲሆኑ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ማሳረፊያ የሌላቸው ለማንኛውም ዜጋ ክፍት ናቸው።»

አንባቢው እኔ ነኝ። ውሳኔውን ያረቀቅሁትም እኔው። ሰቆጣ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ፤ ዛሬ በዚህ ድንኳን የአፈር ተመራማሪውን፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት መንግሥትን ያገለገሉትን ሟቹን ዶክተር ደረሰ ምሳውን እንዘክራለን። የሕይወት ታሪካቸውን ጽፌያለሁ። ዐሥራ አንድ ገጽ ነው። ኃላፊዬ አቶ ዘበነ «ዶክተር ለሆነ ሰው ከዐሥር ገጽ ማነስ ነውር ነው» ስላለኝ፣ የተሳተፉባቸውን ዐውደ ጥናቶች ከነአዳራሻቸው ዘርዝሬያለሁ።

እናታቸው እማማ የሺመቤት ከፊት ተቀምጠዋል። አማርኛ ለገበያ ያህል ያውቃሉ፤ ለዐሥራ አንድ ገጽ ያህል አያውቁም። ልጃቸው ከሞተ ወር አልፎታል፣ አንድ ዘለላ እንባ አላፈሰሱም። ከጋዝጊብላ ድረስ የመጣች አልቃሽ እንኳ ሁለት ቀን ሞክራ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ ተመልሳለች።

ለምን እንደማያለቅሱ ጠዋት ድንኳኑ ሲተከል ነገሩኝ። እጄን ያዙና በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው፣ በኽምጣንጋ ጀመሩ። በ1977 ገበያው የሚባል ታናሽ ወንድማቸው ከገበያ ሲመለስ ለጦር ታፈሰ። ስሙን ከወረቀት ላይ አንብቦ ያስያዘው የመንግሥት ሰው ነበር። ገበያው አልተመለሰም። ልጃቸው ደረሰም ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ የመንግሥት ሰው የሆነው በዚያው ሰሞን ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሊጠይቁት አልደፈሩም።

«የልጄ ወረቀትስ የማንን ልጅ በላ?» አሉኝ። «ይህን ሳላውቅ እንዴት አድርጌ ላልቅስለት?»

«ጽሑፉ ላይ አለ፣ እማማ» አልሁ።

የለም። ጽሑፉ ላይ ሌላ ሌላው ሁሉ አለ።

አሁን እያነበብሁ ነው። አጠገቤ ቆመው ወደ ኽምጣንጋ የሚመልሱት አቶ ደግሰው ናቸው፤ የዶክተሩ የልጅነት ጓደኛ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። አንደኛውን ገጽ ጨርሼ ማይኩን ሰጠኋቸው።

«ተወለደ ይላል» አሉ ለእማማ። «ይህን እንኳ ከእኛ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።»

ድንኳኑ ሳቀ። አቶ ዘበነ ቋንቋውን ስለማይሰማ፣ ሰው ደስ ያለው በጽሑፉ መስሎት ራሱን ነቀነቀልኝ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ገጽ አከታትዬ አነበብሁ።

«ተማረ» አሉ አቶ ደግሰው።

አራተኛውን አነበብሁ።

«ቀጥሎም ተማረ።»

አምስተኛው ገጽ ላይ ደረስሁ። «ከ1977 እስከ 1979 ዓ.ም. ወደ ሰሃላ ተመድበው በመስክ ሥራ ላይ በከፍተኛ ትጋት አገልግለዋል» ብዬ ማይኩን ዘረጋሁ። አቶ ደግሰው አልተቀበሉኝም። ዱላቸውን ተመርኩዘው ሄዱና እማማ እግር ሥር ቁጢጥ አሉ።

«ሰሃላ የሄደው ተመድቦ አይደለም፣ ተጥሎ ነው» አሉ። «አፈር ሲለቅም በየቀበሌው ዞሯል፣ የማን ቤት ስንት ጎረምሳ እንዳለ ያውቃል ብለው አለቆቹ ቢሮ ጠሩት። ለጦር የሚሄዱትን ስም ጻፍ አሉት። ‹እኔ አፈር ነው የምጽፍ› አላቸው። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ። ከደረጃው አወረዱትና መኪና ወደማይደርስበት ወደ ሰሃላ ወረወሩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ዳገቱን በእግሩ ሲወጣና ሲወርድ ኖረ።»

እማማ አንገታቸውን ወደ እሳቸው ሰበር አደረጉ። «አልጻፈም?»

«አልጻፈም።»

«አንድም?»

«አንድም፣ እናቴ።»

አላመኑም። ወዳጅ ለሟች ወዳጁ ሲል ሊዋሽ እንደሚችል ያውቃሉ። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «አንተ ወረቀቱን ሁሉ አይተሃል። እውነት ነው?»

አይቻለሁ። ከዶክተሩ የግል ማኅደር ውስጥ ጥግ ጥጉን አይጥ የቀመሰው ደብዳቤ አለ፤ «የታዘዙትን የስም ዝርዝር ለማዘጋጀት ፈቃደኛ ባለመሆናቸው ከደረጃቸው ዝቅ ብለው» ይላል። አንብቤዋለሁ። ለዝክር የማይመች አሉታዊ ይዘት ነው ብዬ አውጥቼ፣ በምትኩ «በከፍተኛ ትጋት» ያስገባሁት እኔ ነኝ።

«እውነት ነው፣ እማማ» አልሁ በኽምጣንጋ። «ደብዳቤውን በዓይኔ አይቻለሁ። ማኅተም አለው።»

ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ሳብ አድርገው ፊታቸው ላይ ጣሉት። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። «ደረሰ» አሉ፤ መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ሕፃን ከእንቅልፍ እንደሚቀሰቅስ ሰው። «ደረሴ!» አሉ ቀጥለው፣ ድንኳኑ እስኪሰነጠቅ።

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ከኋላ አንዲት ጎረቤት «ተመስገን፣ አለቀሰች» ስትል ሰማሁ። ለቅሶ ሰምቼ እንዲህ ደረቴ ቀልሎኝ አያውቅም። የቀሩትን ስድስት ገጾች አጥፌ ኪሴ ከተትሁ፤ ዐውደ ጥናቶቹም ከነአዳራሻቸው አብረው ገቡ። የጎደለበት ሰው አልነበረም።

የጎደለበት አቶ ዘበነ ብቻ ነው። በለቅሶው መሐል እየተሹለከለከ ማስታወሻ ደብተሩን ከፍቶ መጣ።

«አቶ ደግሰው፣ የተነበበው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እርስዎ ሩብ ሰዓት ተናገሩ።»

«ተናገርሁ።»

«ምን ብለው ነው እንዲህ ያስለቀሷቸው? ለሪፖርት ነው፣ ይንገሩኝ።»

አቶ ደግሰው በዱላቸው ተደግፈው ቀና አሉ፣ ጉልበታቸውን አራገፉ፣ የተከፈተውን ደብተርና የተዘጋጀውን እስክሪብቶ አዩ።

«አልናገርም።»

«ምክንያቱስ?»

«እሱንም አልናገርም።»