ስድስት ወር የሚፈጀው ሞተር

«አርፈህ ተቀመጥ እንጂ! በተወዛወዝክ ቁጥር ሚዛኑ አይረጋልኝም» አለ መካኒኩ፣ የፊት ግራ ጎማ ሥር አጎንብሶ።

መኪናዋ ጣሪያ የሌላት፣ ወንበሯ ሁለት፣ ሞተሯ ነክሶ አልዞር ብሎ ከወጣ ወዲህ ባዶ ቀፎ ነች። አራቱ ጎማዎቿ በአራት ጠፍጣፋ ሚዛኖች ላይ ቆመዋል። መሪ ጨብጦ የተቀመጠው ባለቤቷ፣ የሂሳብ አስተማሪው፣ የመካኒኩ እህት ባል ነው። አብረው ከተማሩበት ጊዜ ጀምሮ መካኒኩ በውፍረቱ «ዱባ» ይለዋል፤ እህቱን ሲያገባ እንኳ ስሙን አላሻሻለለትም። ዱባ በዚያ ሙቀት ካፖርቱን አላወለቀም።

ግድግዳው ጥግ ሁለት ሞተሮች እንጨት ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ትንሽ፣ ባለአራት ሲሊንደር፤ ሌላው ባለስድስት፣ አራት ጎረምሳ የሚያስምጥ። ሞተር ሻጩ «መርጣችሁ አንዱን መልሱልኝ» ብሎ ነበር፤ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል። ዱባ ትልቁን ይላል፣ መካኒኩ ትንሹን። «ይቺን የምታህል መኪና አፍንጫ ላይ ይሄን ብረት ከጫንክ ኩርባ ላይ አልታጠፍም ብላ ገደል ትከትሃለች» ይላል መካኒኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ነውና ዓመት ሙሉ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ነጂው ተቀምጦ መኪናዋ ትመዘን፣ የእያንዳንዱ ሞተር ክብደት ይደመርበት፣ ቁጥሩ ይፍረድ ብለው ተስማሙ።

መካኒኩ አራቱን ቁጥሮች ደመረ፤ የባዶዋን መኪና ክብደት ቀነሰ። ለነጂው ስልሳ አንድ ኪሎ ቀረ። ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጦ የአምናውን አየ፦ ሰማንያ አራት።

«ሚዛኑ ተበላሽቷል» አለ።

ሃያ ሊትር ውሃ የያዘውን ጀሪካን አንስቶ ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠ፤ እንደገና ዞሮ ደመረ። ሃያ አንድ ኪሎ ጨምሯል። ውሃው ሃያ፣ ጀሪካኑ አንድ። ሚዛኑ ምንም አልሆነም።

ያኔ ቀና ብሎ ዱባን አየው። በየሳምንቱ የሚያዩት ሰው ሲከሳ አይታወቅም። «ስኳርና ቅባት ትቻለሁ» ሲለው አምኖት፣ እንዲያውም «ይሄ ቦርጭ ድሮ ነበር መሄድ ያለበት» ብሎ ሲቀልድበት ከርሟል። አሁን የአንገቱን ጅማት እያየ በራሱ አፈረ።

«ካፖርቱን አውልቀው እስቲ።»

«ይበርደኛል።»

«ዱባ!»

ዱባ እጁን ከመሪው አወረደ። «ጉበቴ ላይ ነው። ሌላም ቦታ ደርሷል አሉኝ። ቀዶ ጥገናም አያወጣውም።»

«ስንት ጊዜ አሉህ?»

«ሦስት ወር። ቢበዛ አራት።»

«እህቴ ታውቃለች?»

«ዛሬ ማታ እነግራታለሁ። ዛሬ ማታ ስል አሥር ቀኔ ነው።» ሚዛኑን በአገጩ አመለከተ። «እዚህ ላይ ስታስቀምጠኝ እንደምትደርስበት አውቄያለሁ። አፌ እምቢ ስላለኝ እሱ ይናገርልኝ ብዬ ነው።»

መካኒኩ ቱግ አለ። በእጁ የያዘውን መፍቻ ወርውሮ አንድ ነገር መስበር አማረው፤ ሰውየው ግን ከመስታወት ይበልጥ ስስ ሆኖ ታየው። መፍቻውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረው።

«በቃ አሸነፍክ» አለ ዱባ። «ትንሹን ግጠምልኝ። ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ሁለት ሳምንት» አለ መካኒኩ፤ ወዲያው ምነው አፌን በቆረጠው አለ። «ግን ትንሹን አንገጥምም። ትልቁን ነው የምንገጥመው።»

«አልታጠፍም ብላ ገደል ትከትሃለች ስትለኝ አልነበር?»

«ሻንሲውን አጠነክረዋለሁ። የፊቱን ሞላ እቀይራለሁ። ፍሬኑን፣ ካምቢዮውን፣ ሁሉንም። ስድስት ወር ይፈጃል። አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ ታያለህ።» ዓመት ሙሉ ሲያጣጥለው የኖረውን ሐሳብ እሱው ራሱ እየተንተባተበ ተከራከረለት። «ስድስት ወር ብቻ ነው፣ ዱባ። ባለቤቱ ሳይኖር ሥራ አልጨርስም፣ ታውቀኛለህ።»

ዱባ እስኪጨርስ ጠበቀው፤ ተማሪ የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ እንደሚጠብቅ አስተማሪ።

«እኔም እወድሃለሁ» አለው። «ትንሹን።»

ውጭ የሻጩ መኪና ጥሩምባ ነፋ። መካኒኩ በሩን ከፈተ። ሻጩ «የትኛውን ልውሰድ?» ሲለው ወደ ትልቁ ጠቆመ። ሻጩ ይዟቸው የመጣ አራት ሰዎች እያቃሰቱ ጫኑት፤ ሄዱ። ጥግ ላይ የቀረው ትንሹ ሞተር ብቻ ነው።

መካኒኩ ደብተሩን አንስቶ ተመለሰ። ሞላዎቹ የሚስተካከሉት በነጂው ክብደት ልክ ነው። ስልሳ አንድ ብሎ ቢጽፍ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስንት እንደሚሆን አያውቅም። ያንን መጠየቅም አልቻለም።

ጥያቄውን ዱባ ፊቱ ላይ አነበበው። የመኪናዋን በር ተደግፎ፣ አንድ እግሩን ከዚያም ሌላውን አውጥቶ ወረደ።

«ግባ» አለው።

«ለምን?»

«በአንተ ክብደት አስተካክላት። እኔ አንድ ሁለቴ ብነዳት ነው። ከዚያ የአንተ ናት።»

«ዱባ፣ እባክህ...»

«ግባ አልኩህ። ጀሪካኑን አውጣ።»

መካኒኩ ጀሪካኑን አውጥቶ ገባ። ዱባ የመኪናዋን ጠርዝ ይዞ ቀስ እያለ ተንበረከከና፣ ከጎማ ወደ ጎማ እየዞረ፣ ክፍል ውስጥ በለመደው ጥርት ያለ ድምፅ ቁጥሮቹን ጠራ። ከአንዱ ሲነሳ ሌላው ጋ እስኪደርስ ብዙ ይቆያል። አራተኛውን ከጠራ በኋላ ከኋላ፣ ከማይታይበት፣ «ጻፍካቸው?» ሲል ጠየቀ።

«ጽፌያለሁ» አለ መካኒኩ። ደብተሩ ጉልበቱ ላይ ነው፤ የእስክሪብቶው ክዳን እንኳ አልተነቀለም።