ወደ ማዶ ሱቅ

ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለው የእትዬ ጠሂራ የመጋረጃና የብርድ ልብስ ሱቅ ዘውገ ሥራ አስኪያጅ ነው። እትዬ ጠሂራ አርጅተው ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣም ሲላቸው ነው ማዕረጉን የሰጡት። ባለፈው ዓመት ስለ ሠራተኛ አያያዝ እንዲሠለጥን ልከውት ነበር። አሠልጣኙ "የሠራተኛን እጅ ደመወዝ ያመጣዋል፤ ልቡን የምታመጡት ግን እናንተ ናችሁ" ሲል ዘውገ ከኋላ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካ ነበር። ንግግሩ ትዝ ያለው ዘግይቶ ነው።

ትዝ ያሰኘችው ኢየሩስ ናት።

ኢየሩስ የሱቁ ዋና ሻጭ ነበረች። የትራስ ልብስ ሊገዛ የገባውን ሰው የሳሎን መጋረጃ አሸክማ፣ ያውም እያሳቀች ትሸኘዋለች። ሱቁ ውስጥ የሌለ ቀለም ከተጠየቀች፣ እንደ መርካቶ ሰው ሁሉ፣ "አንድ ጊዜ!" ብላ ፊት ለፊት ካለው ከፍቃዱ ሱቅ ተውሳ ትመጣለች። ፍቃዱም ሲጎድለው ከዚህ ይወስዳል።

አንድ ጠዋት የአንድ ውድ መጋረጃ ናሙና ጠፋ። ሱቁ ከደሴ በመጡ ነጋዴዎች ተሞልቷል። ዘውገ ሲፈልግ ሲፈልግ ቆይቶ ኢየሩስ ፊት ቆመ።

"ቦርሳሽን ክፈቺ።"

"ጋሼ፣ እዚህ? ሰው ፊት?"

"ንጹሕ ከሆንሽ ምን ያስፈራሻል?"

ከፈተች። የምሳ ዕቃ፣ ነጠላ ጫማ፣ የልጇ ካልሲ። ከደሴዎቹ አንዱ ፊቱን አዞረ።

ናሙናው ከሰዓት በኋላ ተገኘ። ዘውገ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ታጥፎ ነበር፤ ሲፈልገው የዋለው ሰው ተቀምጦበት ነው የዋለው። "ተገኘ" አለና መልሶ ሰቀለው። ይቅርታ የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ነበር፤ ገበያተኛ ሲገባ ዋጠው።

ከዚያ ወዲህ የትራስ ልብስ ሊገዛ የመጣ ሰው የትራስ ልብስ ብቻ ገዝቶ ይሄድ ጀመር። ኢየሩስ አታረፍድም፣ አትሳሳትም፣ አትስቅም። ዝምታዋ ለሌሎቹም ተረፈ። ብርድ ልብስ ሲያራግፍ ይዘፍን የነበረው ሳዳም እንኳ ዝም ብሎ ያራግፋል። እትዬ ጠሂራ አንድ ቀን መጥተው "ሐዘን ቤት አስመሰላችሁት እኮ" አሉና ሄዱ። ከዚያ በኋላ ብቅ አላሉም።

ቀጥሎ ዘውገን ያስደነገጠው ነገር መጣ። ኢየሩስ ዕቃ ሳይጎድል ወደ ፍቃዱ ሱቅ መመላለስ ጀመረች። ባዶ እጇን ትሄዳለች፣ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ዘውገ በመስታወቱ አሻግሮ ሲያይ፣ እሷ በሁለት እጇ ትናገራለች፤ ፍቃዱ ራሱን ይነቀንቃል። ደመወዝ እየተነጋገሩ ነው አለ ዘውገ በልቡ። መርካቶ ውስጥ ሁለት ሰው እንዲህ የሚሟገተው ዋጋ ሲያጣላው ነው።

እሷ ከሄደች ሱቁ ይወድቃል፤ ሱቁ ከወደቀ እሱም የለም። ከሁሉ የከፋው ግን፣ ብትሄድ እውነት እንዳላት ማወቁ ነበር።

ስለዚህ ደግ መሆን ጀመረ። መጀመሪያ ኬክ ገዛ።

"ኧረ ጋሼ፣ ማን ሊሞሸር ነው?" አለ ሳዳም።

"አርፈህ ብላ።"

ኢየሩስን ገበያተኛ ፊት "የዚህ ቤት ምሰሶ" አላት። እግሯ ሲያብጥ በርጩማውን ለቀቀላት። ልጇ ሲታመም "ሂጂ፣ እኔ እሸፍንልሻለሁ" ብሎ ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ሲለካ ዋለ፤ መለካት እንደማይችልም ሁሉም ዐየ።

"ጋሼ፣ ይህ መስኮት ነው የግቢ በር?" አለው ሳዳም። ከስንት ጊዜ በኋላ ሱቁ ውስጥ ሳቅ ተሰማ።

የኢየሩስ አኳኋን ግን ግራ ያጋባ ነበር። ኬኩን በልታ ሳትጨርስ ወደ ፍቃዱ ተሻገረች። በርጩማው የተለቀቀላት ዕለትም ተሻገረች። ልጇ ድኖ በተመለሰችበት ጠዋት፣ ሳዳም የመጋረጃውን ጉድ ሲያወራላት ሰምታ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ተሻገረች። ደግነቴን መደራደሪያ አደረገችው፣ ብሎ ዘውገ ተቃጠለ።

በመጨረሻ ራሱ ተሻገረ።

"ፍቃዱ፣ ጎረቤት ነን። ሠራተኛዬን ልታስኮበልልብኝ ነው?"

ፍቃዱ በእጁ የያዘውን ሜትር ጠቀለለ፣ መልሶ ፈታው። "ዘውገ፣ ይህን ከእኔ አፍ ባትሰማው ይሻላል። እትዬ ጠሂራን ጠይቃቸው።"

"አሮጊቷን መደበቂያ አታድርጋቸው!" ብሎት ወጣ።

ሲመለስ ሱቁ በገበያተኛ ሞልቷል። በሩ ላይ ቆመ። እንደ ልማዱ ይቅርታውን ሊውጠው ይችል ነበር።

"ኢየሩስ፣ ያዋረድኩሽ ሰው ፊት ነው፤ ሰው ፊት ልናገር" አለ። "ቦርሳሽን ያስከፈትኩሽ እኔ ነኝ። የጠፋው ናሙና ላይ ተቀምጬ የነበርኩትም እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ። ከዚህ በኋላ ብትሄጂም አልፈርድብሽም።"

ሳዳም የያዘውን ብርድ ልብስ እንደያዘ ቀረ። አንዲት ገበያተኛ "እሰይ፣ የወንድ ልጅ!" አለች።

ኢየሩስ ዐይኗን በመዳፏ ጠረገች። በገበያተኛው መሐል ሾልካ ወደ ማዶው ሱቅ ሮጠች።

"በቃ፣ ሄደች" አለ ዘውገ፤ በርጩማው ላይም ተቀመጠ።

ቀና ሲል እያለከለከች ፊቱ ቆማለች።

"ፍቃዱ እሺ አለ፣ ጋሼ! እትዬ ጠሂራ ሱቁን ሲሸጡለት ሁላችንንም ተቀብሎ 'ዘውገን ግን አልፈልገውም' ብሎ ነበር፤ ስለምነው ከርሜ፣ ይኸው አሁን እሺ አለ!"