ኸድራ የሞላችው ቀሰም

ኸድራ ወርቅ ማጠብ የጀመረችው ባሏን ለማስፈታት ነው። ዐወድ የአገሩን ገዥ የሼኹን ዕቃ ተሸክሞ ከአሶሳ ሲወጣ ሸክሙ ቢከብደው መንገድ ላይ ጥሎት ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ተይዞ በእግር ብረት ታሰረ።

የአጣቢዎቹ አለቃ ጁምዓ ገና ጎህ ሲቀድ ወንዙ ዳር ተቀበላት። ከአሞራ ላባ የተቆረጠ፣ ጣት የሚያህል ባዶ ቀሰም አንገቷ ላይ አሰረላት።

«ወርቅሽን እዚህ ውስጥ ትጨምሪያለሽ። ሠላሳ ቀን ሳታጓድዪ ልክሽን ካመጣሽ ባልሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። አንድ ቀን ከጎደለ ቆጠራው እንደገና ካንድ ይጀምራል።»

«እሺ ጌታዬ።»

«ውሃ ውስጥ ወሬ የለም። ወርቅ የሰው ድምፅ ከሰማ ይሸሻል።»

ይህን የሚያምነው እሱ ብቻ አልነበረም፤ አገሩ ሁሉ ያምነዋል። ልዩነቱ እሱ ዱላ መያዙ ነው።

ኸድራ ወንዙ ውስጥ ገብታ የሴቶቹን አንገት አየች። የአንዷ ቀሰም ጥፍር ታህላለች፣ የሌላዋም ከዚያ እምብዛም አትበልጥም። የእሷን የሚያህል ያንጠለጠለች አንዲትም የለች። አዲስ ስለሆንኩ ከባዱን ጫኑብኝ አለች በልቧ። ግን ማልቀስ ዐወድን አያስፈታም። ገበቴ ማሽከርከር ከልጅነቷ ጀምሮ እናቷ አስተምራታለች፤ ዛሬ እጇን ካሳየች ነገ ማንም አይንቃትም።

አንዲት አሮጊት ግን አላሠራት አለቻት። ዓዲላ ትባላለች፤ ልጇን ልታስፈታ ሃያ ስድስተኛ ቀኗን ይዛለች። መጀመሪያ ኸድራን ልታናግራት አፏን ስትከፍት የጁምዓ ዱላ ጀርባዋ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ንግግሩን ትታ በእጇ መጣችባት። ከላይ ቆማ ውሃውን አደፈረሰችባት። ስታልፍ በክርኗ ገጭታ ገበቴዋን ደፋችባት። ምቀኛ! በዚህ ዕድሜዋ!

ቀትር ላይ ኸድራ ከወደቀ ዛፍ ሥር አሸዋ ዝቃ ስታጥብ የገበቴው ወለል በወርቅ ቢጫ ሆነ። እንዲህ ያለ ቦታ በዕድሜ አንዴ ቢገኝ ነው። ዓዲላም አየችው። መጥታ ጉድጓዱ ላይ ቆመችበት፤ ራሷን ግራና ቀኝ እየነቀነቀች፣ ዓይኖቿ እንባ አቅርረው፣ ንቅንቅ አልልም አለች።

ኸድራ ገፈተረቻት። አሮጊቷ ከነገበቴዋ ወደቀች፤ ከጠዋት ጀምሮ ያጠራቀመችውን ሁሉ ውሃው ወሰደው። ጁምዓ ዳር ቆሞ ሳቀ። ዓዲላ ግን አልተራገመችም። ውሃው ውስጥ እንደተቀመጠች የኸድራን ቀሰም አየች። ኸድራ አፈረች፤ መዛቋን ግን አላቆመችም። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ከዛፉ ሥር የነበረውን ቅንጣት ሳታስቀር ጠርጋ አወጣችው፤ ከዚያ በኋላ የዛቀችው ሁሉ ባዶ አሸዋ ነበር።

ሲመሽ ሴቶቹ ተሰለፉ። የዓዲላ ጎደለ።

«ነገ ካንድ ትጀምሪያለሽ» አላት ጁምዓ።

ዓዲላ ቀሰሟን አንገቷ ላይ መልሳ አሰረች። ኸድራ አላየቻትም። የራሷን ቀሰም እስከ አፉ ሞልታ፣ ቀና ብላ ለጁምዓ ሰጠችው። አንዱ ቀን አለቀ፤ ሃያ ዘጠኝ ቀረ። ዐወድ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቁርጭምጭሚቱን ሲያሽ ታያት።

ጁምዓ ክንዱ ላይ የታሰረውን ቢላዋ መዘዘ። ቀሰሙን ወደ ብርሃኑ አንስቶ አየው፤ ደግሞ አየው። ቢላዋውን ወደ ሰገባው መለሰ።

«እያንዳንዳችሁ ሠላሳ ቀን በየቀኑ የምትሞሉት ቀሰም በመጀመሪያው ቀን ወርቁ በደረሰበት ላይ ይቆረጣል፤ ያንቺን ግን የምቆርጥበት ቦታ አጣሁ» አላት።