የባምላኩ ባሕር

ወንዳወቅ ከፍኖተ ሰላም በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍሮ ቡሬ ሲወርድ ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም። በካርቶን ሁለት ነጭና ሁለት ሰማያዊ ረጃጅም አምፖሎች፣ በኪሱ ካቻቢቴ ይዟል። የመጣው ሰው ሊገድል ነው።

ሰውየው ባምላኩ ነው፤ እህል ነጋዴ፣ ባለሆቴል። የጭነት መኪኖቹ ጅቡቲ ይመላለሳሉ። አንዱ ሾፌር ኮራል የሚባለውን የባሕር ፍጥረት ከነጨው ውሃው በበርሜል አምጥቶለት፣ ሆቴሉ መግቢያ ላይ በመስታወት ገንዳ አኑሮታል። ሲመጣ እንደ አበባ ያሸበረቀ ነበር፤ በሁለት ወሩ የተቀቀለ ባቄላ መሰለ። «ዓሣ የተማረ ሰው ፈልጉልኝ» አለ ባምላኩ። በዚያ አገር ዓሣ የተማረ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም በየቢሮው ደጅ ጠንቶ ሥራ ሲያጣ የካውያና የሬዲዮ ጠጋኝ የሆነው ወንዳወቅ ነው።

በሰማንያ ዘጠኙ የመሬት ሽግሽግ የወንዳወቅ አባት ክንፈሚካኤል «ቢሮክራሲ» ተብሎ መሬታቸው ከሚወሰድባቸው ተቆጠረ። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ስለነበር ነው። ዝርዝሩን ያነበበው የኮሚቴው ሰው ባምላኩ ነበር፤ ጠመንጃው በትከሻው፣ ሳቁ በጥርሱ። መሬቱ ተሸነሸነ። እኩሌታው ለገዛ ወንድሙ ለባዬ ስለደረሰ «መቼም ከዘር አልወጣም» ተባለ። ክንፈሚካኤል ግን ለበላይ አቤት እላለሁ ብሎ ተነሣ። በሳምንቱ እርሻው ዳር ግንባሩን በጥይት ተፈልጦ ተገኘ። ባምላኩ ሁለት ዓመት ታስሮ፣ ምስክር ጠፋና ተፈታ።

ወንዳወቅን ያሳደገው አጎቱ ባዬ ነው። በሬ ሸጦ አስተማረው። ደም መላሽ ግን አልሆነም። «ለእግዜር ተወው፣ ልጄ» ይላል፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ከሰው ጋር መጋፋት ትቷል፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከደጀ ሰላሙ አያልፍም። ወንዳወቅ በልቡ «ፈሪ» ይለዋል። ትናንት ባምላኩ ዘንድ እንደሚሄድ ሲነግረው እንኳ የያዘውን ጠላ ደፋ።

ባምላኩ በሩ ላይ ተቀበለው።

«ምሁሩ፣ መጣህ! ግባ፣ ግባ። ባሕሬ ታሞብኛል።»

ሚስቱ ሠርክአዲስ ከጓዳ ወጥታ ወንዳወቅን አገላብጣ ሳመችውና እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። የሚያስለቅሳት ምን እንደሆነ ያወቀ መሰለው።

መጋረጃው ተዘጋ። ወንዳወቅ ነጩን አበራ። ኮራሉ አመድ መሰለ።

«ይሄ ይሻላል» አለ ባምላኩ። «እንግዳው ጥርት አድርጎ ያያል።»

«እንግዳው ነው እንጂ እሱ መች ይወደዋል፣ ጋሽ ባምላኩ? የመጣው ከጥልቅ ነው። እዚያ ድረስ የሚወርደው ሰማያዊው ብርሃን ነው።»

ነጩን አጥፍቶ ሰማያዊውን ለኮሰ። ከአመዱ ውስጥ አረንጓዴና ሐምራዊ ፍም ተጫረ።

«ወይ ጉድ! ይሄ ሁሉ ቀለም የት ተደብቆ ኖሯል?»

«እዚያው ነበር። ያበሩበት ብርሃን ነው የተሳሳተው።»

«ቢሆንም ነጩን ጣል አድርግበት፤ በዚህስ ጥርሴ እያበራ ደንበኞቼን ስቄ ብቀበላቸው ጅብ መጣ ብለው ይበተናሉ!»

በአንድ ነጭና በሁለት ሰማያዊ ተስማሙ። ሲያስሩ ሲፈቱ አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ያን ጊዜ ባምላኩ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስማኝ ልጄ፣ መብራቱ ሰበብ ነው። በስድስት ሰዓት ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ ቄሱም መስቀል ይዘው። አሥራ ሦስት ዓመት ተሸክሜዋለሁ፣ በቃኝ። የአባትህ ደም ዛሬ ይደርቃል።»

«ገዳዩስ?» አለ ወንዳወቅ።

«ለሽማግሌ የተሰጠ ቃል አስቀድሞ ከአፍ አይወጣም፤ ምዬበታለሁ። አንተ ብቻ ልብህን አስፋ።»

ወንዳወቅ ሰዓቱን አየ። መስቀል ከተዘረጋ በኋላ እምቢ ማለት የለም፤ እምቢ ያለ ከሰው አይቆጠርም፣ ቢሞት ቀባሪ የለውም። ገዳዩ በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ እግሩ ሥር ይወድቃል፣ እሱም «ይቅር» ይላል፣ ባምላኩም ሆቴሉን ይዞ ይኖራል። የቀረችው ግማሽ ሰዓት ናት።

«እስኪ እጅዎን ይስደዱና ኮራሉን ወደ ብርሃኑ ያዙሩልኝ» አለ።

ባምላኩ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ክርኑ ነከረ። ወንዳወቅ የበራውን አምፖል ከነሽቦው ለቀቀው።

ውሃውን ሳይነካ መብራት ሄደ። ቡሬ በቀን ሦስቴ ይሄዳል።

«ኧረ በስመ አብ!» ባምላኩ በድንግዝግዙ ሳቀ። «አልቄልህ ነበር እኮ! አይዞህ ልጄ፣ እጅህ ደንግጦ ነው።»

ካቻቢቴው ጉሮሮው ላይ ገባ።

ባምላኩ ገንዳውን አቅፎ ተንገዳገደ። መቆሚያ ብረቱ ተናጋ፣ መስታወቱ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ፤ ጨው ውሃና ደም ተቀላቅለው እስከ በሩ ሄዱ። ወንዳወቅ ጉልበቱን ደረቱ ላይ ተክሎ ወጋው። ደግሞ ወጋው። «ይኼ ለአባቴ! ይኼ ለመሬታችን! ይኼ ደጅ ለጠናሁበት!» ባምላኩ መዳፉን ዘርግቶ ሊናገር ታገለ፤ ከአፉ የወጣው ቀይ አረፋ ነው። ከዚያም መዳፉ የመስታወት ስባሪ ላይ ወደቀ፣ አልተነሣም።

ሠርክአዲስ ከጓዳ ወጥታ አየች፤ ጩኸቷ ሆቴሉን ሰነጠቀው።

ወንዳወቅ አልሸሸም። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰውነቱ እንዲህ ቀሎት አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ይምጡ፤ «ቀደምኋችሁ» ይላቸዋል። ደጁ ላይ የእግር ኮቴ ሲሰማ በደም በተነከረ እጁ በሩን ከፈተው።

ቄሱ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ከፊት ቆመዋል፤ በሽማግሌዎቹ መካከል፣ በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ በጉልበቱ የሚዳኸው አጎቱ ባዬ ነበር።